የባህል ትርዒት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ወጪውን ማን ሲሸፍን ኖረ? (ቦንጋንና ካፋን በመመልከት)

በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ በሚከበረው የወላጆች በዓል ሕፃናት ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ማየት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ለዚሁ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ጉዳዩ አነስተኛ መስሎ ስለሚታይ ይሆናል። ሆኖም የልዩ ልዩ ሕዝቦች ልጆች በአንድ ክፍል በሚማሩበት እንደ ቦንጋ ባለ ከተማ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ወገን መድረክ ላይ ማን እንደሚቆም ጭምር ይወስናል።

የአማርኛ ቴአትር ከትምህርት ቤት ጋር አብሮ ያደገ መሆኑ ይታወቃል። ከጣልያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በአዲስ አበባ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ድርሰቶቻቸውን ለመድረክ አብቅተዋል። መድረኩ ግን የዋና ከተማው፣ ቋንቋውም አማርኛ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ የተጣለው የትምህርት ግብር ለየጠቅላይ ግዛቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የራሱን ገቢ አስገኘ፤ የሚያስተዳድሩት የትምህርት ቦርዶችም ተቋቋሙ። በጊዜው አንገብጋቢ የነበሩት ግን መማሪያ ክፍልና መምህር ነበሩ። ዘፈንና ጭፈራ በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ ወደቁ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተለያዩ ሕዝቦችን የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድነት ለማሰማት የበቃው ከጀርባው ተቋም ስለነበረው ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ደጋፊ አላገኙም።

ወደ ካፋ እንመለስ። በንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ይመራ የነበረው ጥንታዊ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በተመራው የ1889 ዓ.ም. ዘመቻ ከወደቀ በኋላ ከሰሜንና ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ የመጡ ወታደሮች፣ ካህናትና ነጋዴዎች በአካባቢው ሰፈሩ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ወገኖች በያኔው ካፋ ክፍለ ሀገር ሠፈሩ፤ በ1990ዎቹም ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች ወደ ዴቻና አካባቢው ገቡ። ነባሮቹም አንድ ወጥ አይደሉም፤ ከካፊቾ ሌላ ናኦ፣ ጫራና ማንጃ ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ ሁሉ የተወለዱ ልጆች ዛሬ በአንድ ደወል ይሰለፋሉ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ካፋ-ሞቻ ነበር። የአካባቢው ቋንቋ በመንግሥት ወጪ በታተመ መማሪያ ላይ መዋሉ ታላቅ ነገር ነው። በዚያው ዘመን የቀበሌ ኪነት ቡድኖች በየቦታው ተቋቁመው ብዙ ወጣቶች ሙዚቃን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ተለማምደዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ከበሮውና ልብሱ የሚገዛው ለሰልፍና ለአብዮት በዓል ስለነበር የዘፈኑም ይዘት እንደዚያው ሆነ።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ሲፈቅድ ካፊኖኖ ወደ ክፍል ገባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ መከበሩ ደግሞ የባህል ልብስና ጭፈራን የትምህርት ቤቶች የየዓመቱ ሥራ አደረገው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚገለጠው። በዓሉ የአንድ ቀን ነው፤ ገንዘብ ሲገኝም ለዚያች ቀን ብቻ ይገኛል። ሳይገኝ ሲቀር ልብሱ በወላጅ መዋጮ ይሰፋል፤ ያላዋጣ ወላጅ ልጅም ከተመልካቹ ጋር ይቀመጣል።

ይህ በማንጃ ልጆች ላይ ሲሆን ትርጉሙ ይከብዳል። ማንጃዎች በአደን፣ በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚታወቁ፣ በልማድ ከሌላው ማዕድ ተለይተው የኖሩ ወገኖች ናቸው። በገንዘብ እጦት ከመድረክ የቀረ የማንጃ ልጅ በሌሎቹ ልጆች ዓይን የድሮውን ልማድ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይሆናል። መምህሩ እንዲህ አላሰበም፤ መዋጮው ግን ይህን ሥራ ሠርቷል።

በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ነበር። ሐሳቡ ፍትሐዊ ቢሆንም የከበሮ ዋጋ ተማሪ ስላነሰ አይቀንስም፤ በጫካ ዳር ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት በዚህ ስሌት ሁልጊዜ ትጎዳለች። ትርዒት በማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ ሲገባም አብዛኛውን ጊዜ በኅብረተሰብ ተሳትፎ ርእስ ሥር ነው፤ ይኸውም እንግዳ መቀበያ ያደርገዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትክክለኛ ቦታው መማር ማስተማር ነው። የክወናና የእይታ ጥበባት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። ለሳይንስ ትምህርት መሣሪያ እንደሚጠየቅ ሁሉ ለዚህም ከበሮና ልብስ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ጥያቄውን የሚያቀርበው ርእሰ መምህር ልብሱ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ በመዝገብ እንዲቀመጥና ለማንኛውም ተማሪ እንዲውል፣ ጨዋታውን የሚያስተምሩ ሽማግሌዎችና እናቶች የውሎ አበል እንዲያገኙ፣ ከእነርሱም ውስጥ የናኦ፣ የጫራና የማንጃ ሰዎች እንዲኖሩ በግልጽ ይጻፍ። የገንዘቡ መጠን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ጊዜውም ይታሰብበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የካፊቾ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ በቦንጌ ሻምበቶ የሚከበረው ደግሞ ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ነው። ለወረዳው ትምህርትም ሆነ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚላከው ደብዳቤ እስከ ሚያዝያ ካልደረሰ፣ ልብሱ ለኅዳር 29 ሲባል በጥቅምት ተጣድፎ መሰፋቱ፣ መዋጮውም መመለሱ አይቀርም።