አዋጅ ያልነቀለው ጉቶ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ባሕር ዛፍ የከበበው መንደር ብዙ ነው። አጣናው ተቆርጦ ገበያ ይወጣል፤ ጉቶው እዚያው ይቀራል። ያንን መሬት ወደ ጤፍ ወይም ወደ ድንች ልመልስ ያለ ገበሬ ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ሲሆን፣ ያመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። አዲስ አበባ በጊዜው ዙሪያዋን መንጥራ ጨርሳ የማገዶ ያለህ ትል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከስደት አዳናት፤ መንግሥትም ለተካዩ ግብር እስከማስቀረት ደረሰ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ዛፉ ምንጭ ያደርቃል፣ መሬት ያከሳል የሚለው ስሞታ በረታና በ1913 እ.ኤ.አ. ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲወገድ፣ በምትኩ ለሐር ትል መኖ የሚሆን የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ታወጀ። አዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ። ምን ይደንቃል? የከተማው ጣሪያም፣ ግድግዳም፣ ምድጃም በዚያው ዛፍ ላይ ቆሞ ነበር። ደግሞም ባሕር ዛፍን መቁረጥ መንቀል አይደለም። ግንዱ በወደቀ በጥቂት ወራት ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከአንዱ ቦታ ብዙ ግንድ ይነሣል።

እዚህ ላይ የዶማ ሥራ ይመጣል። ነቃዩ የጉቶውን ዙሪያ ይቆፍራል፤ አግድም የሄዱትን ሥሮች በመጥረቢያ ይበጣጥሳል፤ ከሥሩ ድጅኖ ሰዶ ይፈነቅላል። አንዳንዱ ኩበት ከምሮበት ቀስ እያለ እንዲነድ ይተወዋል። የነጭ ባሕር ዛፍ ቡቃያ የሚወጣው ከግንዱ ግርጌ ካለው እብጠት ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የተቆረጠ ሥር ዳግም አያቆጠቁጥም፤ እስከ መጨረሻዋ ሥር ድረስ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። የተነቀለው ጉቶም አይጣልም፤ ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል።

የአዊ ገበሬዎች፣ በተለይ የፋግታ ለኮማዎቹ፣ ሌላ መንገድ መርጠዋል። የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም፤ ዛፉ ከሰል ሆኖ ሲሸጥ መሬቱ ለእህል ይለቀቃል።

ዛፍ የማይደፈርበት ቦታ ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነበር። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችውን የጋይንቷን ቤተ ልሔም በ1955 እ.ኤ.አ. ያያት ጸሐፊው ቶማስ ፓክንሃም፣ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ የተደበቀውን የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ፤ ሰውዬው በኋላ ስለ ታላላቅ ዛፎችም መጻሕፍት መጻፉ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ዓለማየሁ ዋሴም በ2007 እ.ኤ.አ. በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ላቀረበው የዶክትሬት ጥናት የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች መርምሯል። ዛሬ ግን ጽድና ወይራ በነበረበት ቅጽር ውስጥ እንኳ ለገቢ ሲባል ባሕር ዛፍ የሚተክሉ አጥቢያዎች አሉ።

ጉቶ ለመንቀል የተነሣ ሰው ክረምቱ እንደወጣ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ይጀምር። አዲስ የሚተክልም ከምንጭና ከጎረቤት ማሳ ይራቅ።