ሰው ሲራመድ ሚዛኑን የሚጠብቀው እንዴት ነው?

መራመድ ቀላል ቢመስልም በየእርምጃው ወደ መውደቅ ማዘንበል አለበት። አንድ እግር ከመሬት ሲነሣ ሰውነት ወደ ፊትና ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ውድቀቱን የሚገታው የተነሣው እግር በተገቢው ቦታ ማረፉ ነው።

ማረፊያውን የሚወስነው አንጎል ነው። ለዚህም ከዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮ ካለው የሚዛን አካል እንዲሁም ከእግር መርገጫና ከመገጣጠሚያ ነርቮች መረጃ ይቀበላል። ሰውነት ወደ ቀኝ ከተገፋ፣ ቀኝ እግር ከወትሮው ራቅ ብሎ ያርፋል። በወጣ ገባ መንገድ ደግሞ ዓይን ማረፊያውን አስቀድሞ ይመርጣል።

ዕድሜ ሲገፋ ወይም የስኳር ሕመም የእግር ነርቮችን ሲጎዳ ይህ ቅንጅት ይዳከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውደቅ ሳቢያ በየዓመቱ 684,000 ሰዎች ይሞታሉ፤ ይበልጥ ተጎጂዎቹ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው። ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠናክር የአካል እንቅስቃሴ አደጋውን ይቀንሳል።