ኮሚቴው ወሰነ፣ ብሮውዘሩ ግን አልሰማም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ መረጃ የሚለዋወጡበት አንድ ወጥ ስታንዳርድ ሊያወጣ ነው፤ እሷን ደግሞ የስቲሪንግ ኮሚቴው ሰብሳቢ አድርገዋታል። «ቲቸር፣ የሚመጡት ሁሉ ከእኔ በላይ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የየራሱን ሲስተም ይዞ ነው የሚመጣው። ምን ባደርግ ይሻላል ይላሉ?» አለችኝ።

በስልክ የሰጠኋት መልስ «አይዞሽ፣ አጀንዳሽን ቀድመሽ አዘጋጂ» የሚል ነበር። የማይረባ መልስ! ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ይሄ ጥያቄ በድር (በዌብ) ታሪክ ውስጥ በደንብ የተፈተነ ጥያቄ መሆኑ ትዝ አለኝ። ታሪኩ እኔንም ይነካል፤ ከእናንተም ክፍሌ ውስጥ የተቀመጣችሁትን ይነካል። ስለዚህ ለእሷ የምጽፈውን እናንተም አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሻው እንጀምር። ቲም በርነርስ ሊ ድርን የፈጠረው ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ነው። ሰርን ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ቴክኖሎጂውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ትልቅ ስጦታ ነበር። ግን ባለቤት የሌለውን ነገር ሁሉም ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ኔትስኬፕ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም የሚያደርግ «ብሊንክ» የሚባል ታግ አመጣ፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ጽሑፍ ከዳር ዳር የሚያስሮጥ «ማርኪ» አመጣ። አንዱ የሚያሳየውን ሌላው አያሳይም። «ይህ ገጽ በኔትስኬፕ ቢታይ ይመረጣል» የሚል ማስታወቂያ በየድረ ገጹ የሚለጠፍበት ዘመን ነበር።

እንዲህ ያለውን መበታተን ለመከላከል በርነርስ ሊ ኦክቶበር 1994 አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየምን አቋቋመ። አባላቱ ኩባንያዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ግዙፉም ኩባንያ ትንሹም ድርጅት በአማካሪ ኮሚቴው ውስጥ ያለው አንድ ተወካይ ነው። ሥራው በመግባባት እንዲሄድ ይፈለጋል፤ ያልተስማማ ሰው መደበኛ ተቃውሞ ያስመዘግባል፣ ተቃውሞውም መልስ ማግኘት አለበት። ጨርሶ ካልተግባቡ የመጨረሻው ቃል የዳይሬክተሩ፣ ማለትም የራሱ የበርነርስ ሊ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኮንሶርቲየሙ የሚያወጣው ሰነድ ሕግ አይባልም፤ ስሙ «ምክረ ሐሳብ» ነው። አልሠራውም ያለውን ኩባንያ የሚቀጣ ፖሊስም ፍርድ ቤትም የለም። ወረቀቱ ስታንዳርድ የሚሆነው ብሮውዘር ሠሪው ሲሠራው ብቻ ነው። ታሪኩ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ኤችቲኤምኤል 4.01 ዲሴምበር 1999 ወጣ። ከዚያ በኋላ ኮንሶርቲየሙ ኤችቲኤምኤል በዚህ ይብቃው ያለ ያህል ፊቱን ወደ ኤክስኤችቲኤምኤል አዞረ፤ የመጀመሪያው ጃንዋሪ 2000 ጸደቀ። ሐሳቡ ደስ ይል ነበር። ሰው ድረ ገጽ ሲጽፍ ዝርክርክ ነው፤ ታግ ይከፍታል፣ አይዘጋም፤ ብሮውዘሩም እንደ ታጋሽ አያት ችሎ ያሳያል። በአዲሱ ሥርዓት ግን አንዲት ታግ ሳትዘጋ ከቀረች ገጹ አይታይም፤ በምትኩ የስህተት መልእክት ይመጣል። የመጀመሪያ ረቂቁ ኦገስት 2002 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል 2 ደግሞ ከነባሩ ድር ጋር አብሮ ለመሄድም አልሞከረም። በንድፈ ሐሳብ ንጹሕ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩት የተሠሩ ገጾች ግን የትም ቦታ አልነበራቸውም።

እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ታስታውሳላችሁ። መጪው ዘመን የኤክስኤችቲኤምኤል ነው ብዬ አስተማርኳችሁ። ፈተናው በወረቀት ነበር፤ ላልተዘጋች ታግ ሁሉ ግማሽ ማርክ ቀነስኩ። አንድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ ብሮውዘሩ እኮ ያሳየዋል!» አለኝ። «ኮሚቴው ምን እንዳለ አንብብ» ብዬ መለስኩት።

ልጁ ትክክል ነበር። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ኤክስኤችቲኤምኤልን በራሱ ዓይነት የተቀበለው በስሪት 9፣ በ2011 ነው። እስከዚያ ድረስ በኤክስኤችቲኤምኤል ጻፍነው የምንለው ገጽ በአብዛኛው ለብሮውዘሩ የሚላከው እንደ ተራ ኤችቲኤምኤል ተደርጎ ነበር፤ ብሮውዘሩም እንደ ልማዱ ስህተቱን ችሎ ያሳየው ነበር። ጥብቅነቱ የነበረው በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ የፈነዳው ጁን 1 እና 2 ቀን 2004 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ላይ ነው። ኮንሶርቲየሙ ስለ ድር አፕሊኬሽኖች አውደ ጥናት ጠርቶ ነበር። ሞዚላና ኦፔራ አንድ የጋራ ጽሑፍ ይዘው ቀረቡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ነባሩን ኤችቲኤምኤል አንጣለው፣ እናሳድገው፤ የተሠሩ ገጾች አይሰበሩ፤ ስህተት ሲያጋጥም ብሮውዘሩ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር ይጻፍ። ተሰብሳቢው ድምፅ ሰጠ። ሐሳቡ ወደቀ።

በሥርዓቱ ካየነው ምንም ጥፋት አልተሠራም። ስብሰባው ተጠራ፣ ሐሳቡ ቀረበ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ብዙኃኑ አሸነፈ። የተረሳው ነገር አንድ ነው፤ የተሸነፉት ሰዎች ብሮውዘሩን የሚሠሩት ሰዎች ነበሩ። አናጢውን በድምፅ አሸንፎ ቤት ማቆም አይቻልም።

ጁን 4 ቀን፣ ማለትም አውደ ጥናቱ ባለቀ በሁለተኛው ቀን፣ ከሞዚላ፣ ከኦፔራና ከአፕል የተሰባሰቡ ሰዎች ዋትዊግ የሚባል የራሳቸውን ቡድን መመሥረታቸውን አስታወቁ። አርታኢው ያኔ ኦፔራ ይሠራ የነበረው ኢያን ሂክሰን ሆነ። ሥራቸውን ጀመሩ፤ የጻፉትን ብሮውዘራቸው ውስጥ አስገቡ።

ከዚያ የሆነውን ሳስብ በርነርስ ሊን አከብረዋለሁ። በ2006 ራሱ በአደባባይ ጽፎ፣ ዓለምን በአንድ ጊዜ ወደ ኤክስኤምኤል ለማዞር የተደረገው ሙከራ እንዳልሠራ አመነ። በ2007 ኮንሶርቲየሙ አዲስ የኤችቲኤምኤል ቡድን አቋቁሞ የዋትዊግን ረቂቅ መነሻ አደረገ። በ2009 የኤክስኤችቲኤምኤል 2 ቡድን ሥራ እንደሚያበቃ ተነገረ። ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ኤችቲኤምኤል 5 ምክረ ሐሳብ ሆኖ ጸደቀ። ከዚያ የሳን ሆዜ ድምፅ እስከዚህ ድረስ አሥር ዓመት! ድምፅ መስጠቱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ገምቱ።

ታዲያ ዋትዊግ ጻድቅ ነው ለማለት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ አርታኢ እጅ ነበር፤ ሥራ ይፈጥናል፣ ግን የፓተንት ጉዳይ የሚዳኝበት ደንብ አልነበረውም። በዚህ የተነሳ ማይክሮሶፍት ለዓመታት ዳር ቆመ። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ኤችቲኤምኤል ማውጣታቸውን ስለቀጠሉ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ግራ ተጋባ።

ስቲሪንግ ኮሚቴ የሚባለው ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዲሴምበር 2017 ዋትዊግ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ያሉበት መሪ ቡድን አቋቋመ፤ የፓተንት ደንብም አወጣ። የዚህን ኮሚቴ አሠራር ተመልከቱ። ታግ አይጽፍም። የሚጽፉት አርታኢዎች ናቸው፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሐሳብ መስጠት ይችላል። አንድ ለውጥ እንዲገባ ቢያንስ ሁለት ብሮውዘር ሠሪዎች ሊደግፉት፣ መፈተኛም ሊጻፍለት ይገባል። ወደ መሪ ቡድኑ የሚወጣው ከታች ሊፈታ ያልቻለ ጠብ ብቻ ነው። ሜይ 28 ቀን 2019 ኮንሶርቲየሙና ዋትዊግ ስምምነት ፈረሙ፤ ከዚያ ወዲህ ኤችቲኤምኤል አንድ ሆነ፤ የሚጻፈውም ዋትዊግ ዘንድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም 🙂

ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። መሪ ወንበሮቹ አራት ናቸው፤ አራቱም የብሮውዘር ሠሪዎች ናቸው። ማየት የተሳነው ተጠቃሚ፣ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ያለው ገበሬ፣ ጥቂት ሰው የሚናገረው ቋንቋ በማን በኩል ይገባል? በ2007 የወጣው የኤችቲኤምኤል የንድፍ መርሆዎች ሰነድ ቅደም ተከተል አስቀምጧል፦ ሲጋጩ መጀመሪያ ተጠቃሚው፣ ከዚያ ድረ ገጽ ጸሐፊው፣ ከዚያ ብሮውዘር ሠሪው፣ ከዚያ ስታንዳርድ ጸሐፊው፣ በመጨረሻ የንድፈ ሐሳብ ንጽሕና። ግሩም ነው፤ ግን ወረቀት ብቻውን ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ሰፊው ቤት ውስጥም ቢሆን ድምፅ ቆጥሮ ማሸነፍ መግባባት አይሆንም። በ2017 ኮንሶርቲየሙ የተቆለፈ ቪዲዮ በብሮውዘር ስለሚታይበት ስታንዳርድ ተከራከረ። የአባላት ድምፅ ሲቆጠር 108 ደገፉ፣ 57 ተቃወሙ፣ 20 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሰነዱ ሴፕቴምበር 18 ጸደቀ፤ የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም በዚያው ቀን ከአባልነት ለቀቀ።

እኛንም ይመለከተናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። ይህን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው። ቁጥራችንን ደግሞ ተመልከቱ፦ ዜሮ የለንም፣ ፲፣ ፻ እና ፼ የየራሳቸው ምልክት አላቸው። አሥራ አንድን ለመጻፍ ሁለት ፩ አይደረደርም፣ ፲፩ ነው። ስለዚህ የድረ ገጽ ዝርዝርን በግዕዝ ቁጥር ለመቁጠር የኮንሶርቲየሙ የሲኤስኤስ ሰነድ ለብቻው ስሌት ጽፎለታል። ይህ በራሱ አይመጣም። አንድ ሰው ስብሰባው ውስጥ ገብቶ «የእኛ እንዲህ አይደለም» ማለት አለበት፤ የሚሰማው ኮሚቴም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ልጄ፣ የስልኩ መልስ ይቅርና ይሄን ያዢልኝ።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ስታንዳርዱን በእጃቸው ኮድ የሚያደርጉት ልጆች እነማን እንደሆኑ ጠይቂ። ኃላፊዎቹ ይምጡ፤ ልጆቹም ይምጡ። እነሱ «አይሠራም» ሲሉ የበታች ናቸው ብለሽ አትለፊያቸው። ሰነዱን ኮሚቴው አይጻፈው፤ አንድ ወይም ሁለት አርታኢ መድቢ፣ ኮሚቴው ጠብ ይዳኝ። ተቃውሞን ከነምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፊ፤ ዛሬ የተሸነፈው ሐሳብ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊያስፈልግሽ ይችላል። ሁለት ተቋማት በእውነተኛ ሲስተም ሳይሞክሩት ምንም ነገር አታጽድቂ። ስብሰባው ላይ የሌለው ማን እንደሆነም በየጊዜው ጠይቂ፤ ባለጉዳዩ መስኮቱ ጋ የሚቆመው ሰው ነው። የተሳሳትሽ ቀን ደግሞ ቶሎ ብለሽ በአደባባይ ተናገሪ።

እኔ ዘግይቼም ቢሆን ልናገር። ባልተዘጋች ታግ ግማሽ ማርክ የቀነስኩባችሁ ልጆች፣ ይቅርታ። ማርኩን መመለስ አልችልም፤ ሬጅስትራር አይፈቅድም። «ብሮውዘሩ እኮ ያሳየዋል» ያልከኝ ልጅ ግን ይህን ካነበብክ ደውልልኝ፤ ቡና በእኔ ነው።