ከዛር ቤት እስከ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

በማሕሙድ ሃይቤ ሠፈር ተሰባስበን በዓል ባከበርን ቁጥር ክራሩና ዋሽንቱ አልገጥም እያሉ ያከራክሩናል። ዋሽንት በነፊው ጣት ልክ ስለሚበሳ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ይለያል፤ ክራሩም ለእያንዳንዱ ዘፋኝ እንደ አዲስ ይቃኛል። ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞን የተቸገረበትን ሰው ታሪክ ለልጆቻችን ልናስቀምጥ ወደድን።

ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1921 በካይሮ የተወለደ ግብፃዊ የሙዚቃ ሰው ነው። በ1944 የሴቶችን የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ ድምፁን በሬዲዮ ጣቢያ እያጣራና እያስተጋባ አዲስ ሙዚቃ ሠራበት። በዚህ ዓይነት ሥራ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የመጣው በ1948 ነው። ዛርን እኛም እናውቀዋለን፤ የሀርጌሳ ጎረቤቶቻችንም «ሳር» ይሉታል።

ዛር በድግግሞሽ ነው የሚሠራው። አሜሪካዊው ቴሪ ራይሊ በ1964 አጫጭር ዜማዎችን እየደጋገመ የሚያስኬድ ሥራ ሲያቀርብ ነገሩ እንደ አዲስ ታየ፤ በኋላም ሚኒማሊዝም ተባለ። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ግን ብዙም አይደነቅም። ያው ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ቀጥሎ በመቋሚያ በዝማሜ፣ ኋላም በከበሮና በጸናጽል እየፈጠነ ይመላለሳልና!

ኤል ዳብ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ከየአካባቢው የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ባለመሰንቆ አዝማሪ ብቻውን መጫወት የለመደ ነው፤ በገና የጾምና የጸሎት ነው፤ እምቢልታ ደግሞ ሦስት ሆኖ እየተቀባበለ ካልሆነ ዜማው አይሞላም። እነዚህን በአንድ መድረክ ማስማማት ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን ሁለቱን እንኳ ማስማማት አቅቶን አይተናል።

እሱ በ1964 ከሄደ በኋላ ጆን ኮ፣ ከዚያም ተስፋዬ ለማ መሩት። በ1969 መሰንቆ ከተማረው አሜሪካዊ ቻርልስ ሳተን ጋር ቡድኑ አሜሪካን ዞረ። በ1975 ተበተነ።

ልጆቻችን ሶማሊኛን አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ትዝታን ከባቲ የሚለዩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የኦርኬስትራው ቀረጻዎች «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ በ23ኛው ሲዲ ላይ ይገኛሉ። በማኅበራችን ቢሮ አንድ ቅጂ አለ፤ መስማት የሚፈልግ ቤተሰብ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ ይምጣ። ክራር ያለውም ክራሩን ይዞ ይምጣ።