ኢታኖል ያለበት ቤንዚን፣ ባለ ቱርቦ መኪናና የዓባይ በረሃ

ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለመኪና ጉልበት ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ ሞተር ይበላል የሚሉም አሉ። እንደ እኔ እምነት መልሱ በመኪናው ዓይነትና በሚነዳበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ነው። እዚህ ላይ የማስበው አዲስ አበባ ነዳጅ ሞልቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ የሚገባውን አሽከርካሪ ነው።

በአገራችን ቅልቅሉ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተመረተው ኢታኖል፣ በዚሁ በጎጃም መንገድ ላይ በምትገኘው ሱሉልታ፣ በናይል ፔትሮሊየም ዴፖ 5 በመቶ እየተቀላቀለ ለአዲስ አበባ ይቀርብ ጀመር። በ2003 ዓ.ም. መጠኑ 10 በመቶ ደረሰ። አቅርቦቱ የሚቆራረጥ በመሆኑ ግን ሥራው እንደታሰበው አልዘለቀም።

የኢታኖል የኦክቴን ቁጥር 108 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ሲተን ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ቱርቦው አየሩን አጥብቆ ቢጨምቀው እንኳ ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተኑን አይደበድብም። የስዊድኑ ኮይኒግሴግ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሲሲኤክስአር መኪና በቤንዚን 806፣ 85 በመቶ ኢታኖል ባለው ነዳጅ ደግሞ 1,018 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ይህ ግን ሞተሩ፣ ፓምፑና ኮምፒዩተሩ ለዚያ ነዳጅ ተብለው ተዘጋጅተው ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ ባልተዘጋጀ መኪና 10 በመቶው ቅልቅል የሚያመጣው ለውጥ ፍጆታን በ3 በመቶ አካባቢ መጨመር ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የማንኳኳት ችግሩም አብሮ ይቀንሳልና ለእንዲህ ያለው መኪና ተጨማሪ ኦክቴን ትርጉም የለውም። ቱርቦ ያለው ነው የሚጠቀመው።

የሚያሳስበኝ ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ተወርዶ፣ በዚያ ሙቀት ወደ ደጀን እንደገና ዳገቱ ይወጣል። በ5 ወይም በ10 በመቶ የገባ ኢታኖል ቤንዚኑን በመጠኑ ይበልጥ ተናኝ ያደርገዋል፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ማንኛውም ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል። አሮጌ ባለ ካርቡሬተር መኪና ቱቦው ውስጥ እንፋሎት እየቋጠረ የሚንተፋተፈውና ዳገት ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ነዳጁን በግፊት ስለሚይዙት ይህ ብዙም አያገኛቸውም።

ሌላው ጠላት ውኃ ነው። አሥር በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ግማሽ በመቶ ያህል ውኃ ችሎ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ኢታኖሉና ውኃው ተለይተው ታንኩ ሥር ይዘቅጣሉ፤ ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከሥር ነው። ክረምቱን ሙሉ የቆመ መኪና ወይም በጀሪካን የከረመ ነዳጅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። (አረቄም ኢታኖል አይደለም ወይ ለሚሉኝ ወዳጆቼ፦ ዳግም አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ለታንክ አይሆንም።) ኢታኖል የአሮጌ መኪና የጎማ ቱቦዎችንም ያሳብጣል፤ ታንክ ውስጥ የኖረ ዝቃጭ እያነሳም ፊልትሮ ይደፍናል።

ሕግ ያጠና ሰው እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲያውስ ማደያው ቅልቅል ሲሸጥ መቶኛውን ፓምፑ ላይ መለጠፍ አለበት ባይ ነኝ። ኮምፒዩተሩን ለከፍተኛ የኢታኖል መጠን ያስተካከለ ባለ ቱርቦ መኪና ሳያውቅ ንጹሕ ቤንዚን ቢሞላ ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ መኪና ሲበላሽ በሌላ መተካት ቀላል አይደለም።