የግልግል ዳኛ የወሰነው የንብረት ክርክር በፍርድ ቤት የሚጸድቀው እንዴት ነው?

ሁለት ወገኖች በአንድ ሕንፃ ኪራይ ወይም በጋራ በገዙት ቤት ተጣልተው ጉዳዩን በውላቸው መሠረት ለግልግል ዳኛ ሲያቀርቡ፣ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ይባላል። አባባሉ ትክክል ቢሆንም ጎደሎ ነው። የግልግል ዳኛ ፖሊስ አያዝም፤ የባንክ ሒሳብ አያግድም፤ ቤትን ከአንዱ ስም ወደ ሌላው አያዛውርም። ተረቺው በፈቃዱ ካልፈጸመ፣ ረቺው ውሳኔውን ይዞ ፍርድ ቤት መቅረብና እንዲጸድቅለት መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህን ሥርዓት ከሽምግልና ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ በዕርቁ ያልተስማማ ወገን እምቢ ብሎ መሄድ ይችላል። የግልግል ዳኛ ግን ማስረጃ ሰምቶ ይፈርዳል፤ ውሉን የፈረመ ሰውም ከፍርዱ በኋላ «አልተስማማሁም» ማለት አይጠቅመውም።

በዩናይትድ ስቴትስ ዋናው ሕግ እ.አ.አ. በ1925 የወጣው የፌዴራል የግልግል ዳኝነት ሕግ ነው። በአንቀጽ 9 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ በውሳኔው ላይ ፍርድ እንዲሰጥበት ተስማምተው ከሆነ፣ ረቺው ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲጸድቅለት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱም በሕጉ የተዘረዘረ የመሻሪያ ወይም የማሻሻያ ምክንያት ካላገኘ በቀር ማጽደቅ ግዴታው ነው። ለተረቺው የተሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ ውሳኔው እንዲሻርለት የሚሻ ሰው አቤቱታውን በሦስት ወራት ውስጥ ለባላጋራው ማድረስ አለበት። ብዙ መብት የሚጠፋው በእነዚህ ሁለት ቀነ ገደቦች መካከል ነው። ረቺው ስድስት ወር ዝም ብሎ ቆይቶ ቢያመለክት፣ ያን ጊዜ «ዳኛው አድልቷል» ብሎ የሚነሣ ተረቺ በአብዛኛው ሰሚ አያገኝም።

ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለማጽደቂያ አራት ዓመት፣ ለመሻሪያ 100 ቀን ተፈቅዷል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.አ.አ. በ2022 «ባጀሮው በዎልተርስ» በተባለው ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማጽደቂያና የመሻሪያ ማመልከቻ የሚቀበሉበትን በር ስላጠበበ፣ የአንድ ከተማ ነዋሪዎች በቤት ላይ የሚያደርጉት ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ነው።

ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ዳኛው እውነቱን ማግኘት አለማግኘቱን አይደለም፤ ውሳኔው የተሰጠበትን መንገድ ነው። ውሳኔው በሙስና ወይም በማታለል ከተገኘ፣ ዳኛው በግልጽ ካደላ፣ ለጉዳዩ የሚበጅ ማስረጃ አልሰማም ካለ ወይም ከተሰጠው ሥልጣን ካለፈ ይሻራል። ጉልህ የሒሳብ ስህተት ወይም በንብረቱ መግለጫ ላይ ጉልህ ግድፈት ካለ ደግሞ ይታረማል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በንብረት ክርክር ቀላል አይደለም፤ የተሳሳተ የቦታ ቁጥር የያዘ ውሳኔ ሳይታረም ከጸደቀ አፈጻጸሙ ላይ እንቅፋት ይፈጥራል።

የሥልጣኑን ጠባብነት በግልጽ ያሳየው በኦሪገን ክፍለ ግዛት ቢቨርተን በሚገኝ የፋብሪካ ይዞታ ላይ የተነሣው ክርክር ነው። ባለንብረቱ ሆል ስትሪት፣ ተከራዩ የአሻንጉሊት አምራቹ ማቴል ነበር። እ.አ.አ. በ1998 በይዞታው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው መርዛማ ኬሚካል ተገኘ፤ የጽዳቱን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለውም ወደ ግልግል ዳኛ ሄደ። ተከራካሪዎቹ ዳኛው የሕግ ስህተት ከሠራ ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዲሽር በጽሑፍ ተስማምተው ነበር። ዳኛው ለማቴል ፈረደ፤ የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም የሕግ ስህተት አለበት ብሎ ሻረው። ክርክሩ በይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን፣ ችሎቱ እ.አ.አ. በ2008 በስድስት ድምፅ ለሦስት፣ በፌዴራሉ ሕግ የተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቸኛ እንደሆኑና ተዋዋዮች በውል ሊያሰፏቸው እንደማይችሉ ወሰነ። ፍጥነትን ሽቶ ወደ ግልግል የሄደ ሰው የይግባኝ ዋስትናውን አብሮ መተዉን የብዙ ሰው ዐይን የሚያየው ከተፈረደበት በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ስምምነት ሊጸና ይችላል በማለቱ፣ ውሉ የሚመራበትን ሕግ ለይቶ መጻፍ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ እንደ ማንኛውም የፍርድ ቤት ፍርድ ይቆጠራል። ባለዕዳው ቤት ባለበት አውራጃ ሲመዘገብም፣ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት፣ ንብረቱን በዋስትና ሊይዝ ይችላል።

ንብረቱ ያለው ኢትዮጵያ ከሆነ ሁኔታው ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237፣ ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳዮች፣ እንዲሁም ፍቺና ውርስ፣ በግልግል ዳኝነት እንዳይታዩ ይከለክላል። ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2020 የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን ስለ ማወቅና ስለ ማስፈጸም የሚደነግገውን የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀብላለች። ይሁንና ስምምነቱ ራሱ፣ ጉዳዩ በአስፈጻሚው ሀገር ሕግ ለግልግል የማይቀርብ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ማስፈጸምን እንዲከለክል ይፈቅዳል።

በዚህም ምክንያት በዋሽንግተን የተሰጠና በአሜሪካ ፍርድ ቤት የጸደቀ ውሳኔ በአዲስ አበባ ያለን ቦታ በራሱ አያዛውርም። የአሜሪካ ፍርድ ቤትም ቢሆን በሥልጣኑ ሥር ያለውን ሰው ያዝዛል እንጂ በሌላ ሀገር ያለ መሬትን ባለቤትነት በቀጥታ አይለውጥም። ለቤት መግዣ ገንዘብ አዋጥተው የተጣሉ ሁለት የዋሽንግተን ነዋሪዎች ክርክራቸው የገንዘብ መመለስ ብቻ ሲሆን መንገዱ ይቀላል፤ የሚጸድቀው ዕዳ ነው፣ የሚፈጸመውም ባለዕዳው በአሜሪካ ባለው ሀብት ላይ ነው።