እግሩ የታሰረው የነፃነት ንስር

ንስርን የማያውቅ የለም። ማኅተም ላይ አለ፣ ባንዲራ ላይ አለ፣ የእግር ኳስ ክለብ አርማ ላይ አለ። የነፃነት ምልክት ነው ይሉናል። በዓይኑ በብረቱ በቅርብ ያየው ግን ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን ንስርን የምናውቀው በፎቶ ነው። ታዲያ ያ አይቀመስ የተባለ ወፍ፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት እስኪቆጠር ድረስ ቀርቦ የተነሣው እንዴት ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ታስሮ ነበራ!

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን አንድ ታዋቂ አሜሪካዊ ንስር አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከካሜራ በፊት

መጀመሪያ ግን ካሜራ ሳይመጣ በፊት የነበረውን እንይ። ጆን ጄምስ ኦዱቦን የአሜሪካን ወፎች በመሳል ስሙ የገነነ ሰው ነው። በ1833 ቦስተን ውስጥ በወጥመድ የተያዘ ወርቃማ ንስር ገዛ። ለጥቂት ቀናት ቤቱ አስቀምጦ ሲመለከተው ሰነበተ። ልልቀቀው ይሆን ብሎም አስቦ ነበር። በመጨረሻ ግን ሥዕሉ በለጠበት። ወፉን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ አፍኖ ሊገድለው ሞከረ፣ ንስሩ አልሞት አለው። ሰዓታት አልፈው ድኝ ቢጨምርበትም ያው ሆነ። መጨረሻው ልቡን በሹል ብረት መውጋት ነበር። ከዚያም ሬሳውን አቁሞ፣ ጥንቸል ነጥቆ ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ አድርጎ ሳለው። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ያምራል።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ቢያንስ መግደሉ ቀረ እንበል? በከፊል አዎ። ነገር ግን የዚያ ዘመን ካሜራ ሌላ ጣጣ ነበረው። ፎቶ የሚነሣው እርጥብ ኬሚካል በተቀባ መስታወት ላይ ስለነበር፣ ተነሺው ለሰከንዶች ያህል ድርቅ ብሎ መቆም ነበረበት። የሚበር ወፍ ደግሞ ሰከንድ አይሰጥም። ፈረንሳዊው ኤትየን ዡል ማሬ በሰከንድ 12 ምስል የሚያነሣ «የፎቶግራፍ ጠመንጃ» ሠርቶ በራሪ ወፎችን ማንሣት የቻለው በ1882 ነው። ከዚያ በፊት ንስርን በሕይወት እያለ ፎቶ ማንሣት ለፈለገ ሰው አስተማማኙ መንገድ አንድ ነበር፤ እግሩን በጠፍር አስሮ መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ።

ጋሽ አብርሽ

በ1861 ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ የኦጂብዌ ተወላጅ ከጎጆው ያወጣውን የንስር ጫጩት ለአንድ ገበሬ ሰጥቶ በምትኩ በቆሎ ተቀበለ። ገበሬው ደግሞ ወደ ጦር ሜዳ ለሚዘምቱ ወታደሮች በ2 ዶላር ከ50 ሸጠው። ወታደሮቹ በፕሬዝዳንት ሊንከን ስም «ኦልድ ኤብ» አሉት። ወደ እኛ ሰፈር ቋንቋ ብናመጣው «ጋሽ አብርሽ» መሆኑ ነው። የ8ኛው ዊስኮንሲን ክፍለ ጦር አባል ሆኖ፣ ጋሻ በሚመስል መቆሚያ ላይ ታስሮ ከሰንደቅ ዓላማው ጎን ዘመተ። በ1862 ኮሪንዝ፣ በ1863 ቪክስበርግ ውጊያ ላይ ነበር። ቪክስበርግ ላይ ከሰንደቅ ያዦቹ ጋር የተነሣው ፎቶ ዛሬም አለ።

በ1864 ከጦርነቱ በሕይወት ተመልሶ ለግዛቱ መንግሥት ተሰጠ፤ በማዲሰን ከተማ በምክር ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት ክፍል ተሰጠው። በ1865 ቺካጎ ውስጥ ለወታደሮች መርጃ በተዘጋጀ ትልቅ ባዛር ላይ የጋሽ አብርሽ ፎቶ ተቸበቸበ። በገቢው ቁስለኞች ታከሙበት። በ1876 ደግሞ ፊላዴልፊያ፣ የአገሪቱ 100ኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ ተገኝቶ ሕዝብ ተጋፋበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ይህ የንስር ዓይነት ራሱ ነጭ የሚሆነው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። በ1861 የተፈለፈለው ጋሽ አብርሽ በውጊያዎቹ ጊዜ ገና ቡናማ ራስ ያለው ጎረምሳ ነበር። ሰዓሊዎቹ ግን ነጭ ራስ ሰጥተው፣ ጠፍሩን አጥፍተው፣ ከጦሩ በላይ ሲያንዣብብ አሳዩት። ሕዝቡ የፈለገው እውነተኛውን ወፍ ሳይሆን ምልክቱን ነበር።

ወፉስ መጨረሻው ምን ሆነ? በ1881 በምድር ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሣ። እሳቱ ቢጠፋም ጭሱ ጎዳው፤ በመጋቢት ወር ሞተ። ኦዱቦን በጭስ ሊገድለው ያልቻለውን ዓይነት ወፍ፣ የሚወደው መንግሥት ሳያስበው በጭስ ገደለው። ቆዳው ተሞልቶ ለእይታ ቢቀመጥም በ1904 ሕንፃው ሲቃጠል አብሮ ነደደ። የቀሩት ጥቂት ላባዎችና ፎቶዎቹ ናቸው።

የዛሬዎቹ እስረኞች

ዛሬ በብዙ አገሮች የተጎዱ አዳኝ ወፎችን የሚያስታምሙ ማዕከሎች አሉ። መኪና የገጨው ጉጉት፣ ሽቦ ክንፉን የሰበረው ጭልፊት፣ በእርሳስ የተመረዘ ንስር ይመጣላቸዋል። የዳነው ይለቀቃል። መብረር የማይችለው ይቀራል። ከጫጩትነቱ ሰው ያሳደገው ወፍም ሰውን እንደ ወገኑ ስለሚቆጥር ብዙውን ጊዜ ወደ ዱር አይመለስም። አንዳንድ ማዕከሎች ፎቶ አንሺዎችን እያስከፈሉ ያስገባሉ፤ ገንዘቡ የወፎቹ ሥጋ መግዣ ይሆናል። በዚህ አልከራከርም። እንዲያውም ጎጆ ድረስ ሄዶ የሚያጠባ ያህል የተጠጋ ካሜራ ይዞ እናትን ከእንቁላሏ ከማባረር ይህ በስንት ጣዕሙ!

ጸቤ ከመግለጫው ጋር ነው። ፎቶው ከጠፍሩ በላይ ተቆርጦ፣ ጀርባው ደብዝዞ፣ ከሥሩ «የዱር ንጉሥ» ተብሎ ሲለጠፍ ጋሽ አብርሽ ላይ የተሠራው ሥራ ተደገመ ማለት ነው። ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ሌላ እንስሳ ይመስክር። የ2009 የዓለም ምርጥ የዱር እንስሳት ፎቶ ሽልማት ያገኘው፣ አጥር የሚዘልል ተኩላ ነበር። በጥር 2010 ዳኞቹ ተኩላው የለመደ፣ የሠለጠነ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ነጠቁ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ የንስር ፎቶ ስታይ ዓይኑን ብቻ አትይ። እግሩንም ፈልግ፤ እግሩ ከፎቶው ውጭ ከቀረ ለምን ብለህ ጠይቅ። ራስህ የምታነሣ ከሆነ ደግሞ ወፉ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ወይም ከጠባቂው እጅ ላይ ዘልሎ ተንጠልጥሎ ሲንፈራገጥ ካሜራህን ዝቅ አድርግ፤ ደክሞታል፣ ፈርቷል። ከሥሩም እውነቱን ጻፍ፦ «ክንፉ ተሰብሮ የተረፈ ንስር፣ በማዕከል ውስጥ የሚኖር»። ስድስት ወይም ሰባት ቃል ቢሆን ነው። ለጋሽ አብርሽ ሥዕሎችም እንዲህ ያለ እውነት ይገባቸው ነበር።